ፍራሽ የተነጠፈበት ጉድጓድ

የሽሮ ሜዳው የቀበሌ ቤታችን ለልማት ሊፈርስ ነው ተብሎ፣ ከወረዳ መዝጋቢ ሊመጣ በነበረበት ጠዋት አባቴን የመከርኩት እኔ ነኝ። ያን ሁሉ ዓመት ተምሬ የያዝኩት «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለውን ብቻ ይመስል፣ ለመንግሥት ሰው ትንሽ መናገር ያዋጣል ብዬ አምን ነበር።

አባቴ ሸማኔ ነው። ጓዳው ጥግ ወለሉ ላይ የተቆፈረ ጉድጓድ አለው፤ አፋፉ ላይ ተቀምጦ፣ እግሮቹን ወደ ውስጥ ሰድዶ፣ መርገጫውን እየረገጠ ነው የሚሠራው። እኛን ያሳደገን እዚያ ተቀምጦ ነው።

«አባዬ፣ የቀበሌ ቤቱን ሱቅ አደረጋችሁት ብለው ምትክ ቤት ቢከለክሉንስ?» አልኩት። ነገሩ አልጣመውም፤ ግን የተማረች ልጅ ቃሏ ይሰማል። የሽመና ዕቃውን ነቃቅለን ጎረቤት አስቀመጥን። ጉድጓዱን በጣውላ ከድነን ፍራሽ አነጠፍንበት፤ እኔማ ትራስ ሳይቀር አስቀመጥኩ።

መዝጋቢው ጨዋ ወጣት ነበር። ክፍሎቹን በሜትር ለካና ፎርሙን አወጣ።

«ቤት ውስጥ የሚሠራ ሥራ አለ?»

«የለም» አልኩ፣ አባቴን ቀድሜ።

«መኖሪያ ብቻ» ብሎ ጻፈ። ለአባቴ ብዕሩን እያቀበለ፣ «ስለሌላችሁ ነው እንጂ፣ አባት፣ ቤታቸው ውስጥ ለሚሠሩማ ምትክ ከሚሰጠው ኮንዶሚኒየም ሌላ ምድር ላይ የመሥሪያ ቦታ ይሰጣቸዋል» አለ።

ክው አልኩ። ፎቅ ላይ ጉድጓድ አይቆፈርም! በአንድ «የለም» የአባቴን የዕድሜ ልክ ሙያ ልቀብረው ነው። እውነቱን እንዳልናገር ደግሞ ውሸቴ ገና አልቀዘቀዘም። በሕይወቴ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም።

አባቴ ብዕሩን አልተቀበለም። ወደ ጓዳ ገባ፣ ትራሱን ወረወረ፣ ፍራሹን ጎተተ፣ ጣውላውን አነሳ። አፋፉ ላይ ተቀምጦ እግሮቹን ወደ ውስጥ ሰደደ። ከዚያ በሌለ መርገጫ ላይ እየረገጠ፣ በባዶ እጁ መወርወሪያ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ይወረውር ጀመር።

መዝጋቢው ቆሞ ሲያየው ቆየና ሳቁ አመለጠው። «እናንተ ሰዎች ምን ሆናችኋል? ቅድምም አንድ ቤት የሽመና ጉድጓዱን አልጋ አስነስቼ ነው ያገኘሁት። ዕቃውስ የት ሄደ?»

«ጎረቤት ነው። እኔ ነኝ ያስደበቅኩት።»

«በሉ አምጡትና ፎቶ ላንሳው።»

«መኖሪያ ብቻ» ያለውን ሰርዞ «መኖሪያና ሽመና» ብሎ ጻፈ፤ አባቴም ፈረመ። እፎይ! መርገጫውን ተሸክሜ ከጎረቤት ስመለስ ብቻዬን እስቅ ነበር፤ ያየኝ ሰው አበደች ሳይለኝ አይቀርም።

ዘንድሮ አባቴ አዲሱ መሥሪያ ቦታው ገብቷል። መጀመሪያ ያደረገው ነገር ሲሚንቶውን አስፈልጦ ጉድጓድ መቆፈር ነው። ባለፈው ልጠይቀው ሄጄ፣ ሰው እንዳይወድቅበት የጣውላ ክዳን ላሠራልህ ወይ አልኩት።

ቀና ብሎም አላየኝ። «አንቺ መቼም ክዳን ትወጃለሽ» አለኝ፣ መወርወሪያውን እየወረወረ።