«ማን ምን ያድርግ?»

አጎቴ በጃንሆይ ዘመን ሁለተኛ ዲግሪያቸውን የያዙት፣ የመሥሪያ ቤት ጽሑፍ እንዴት እንደሚጻፍና ለሌላው እንዴት እንደሚያስተምሩት አጥንተው ነው። ከዚያ ሁሉ ትምህርት በተማሪዎቻቸው ጆሮ የቀረችው ግን አንዲት ጥያቄ ናት።

አንድ ቀን ተማሪያቸው የነበረ የመምሪያ ሹም ቀራንዮ ቤታችን መጥቶ፣ ስለ ተሰበረ ድልድይ የጻፈውን ደብዳቤ አነበበላቸው። ሰላምታውና ምስጋናው አያልቅም። ጋሼ ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው ሰሙና፣ «እና ማን ምን ያድርግ?» አሉት።

ሰውየው ወረቀቱን አገላበጠ። «ድልድዩ ይጠገን ለማለት ነው፣ ጋሼ።»

«ታዲያ እሱን ጻፈዋ!»

ትናንት የሞታቸውን ማስታወቂያ የጻፍኩት እኔ ነኝ። «ቅዳሜ በዘጠኝ ሰዓት ቀራንዮ መድኃኔዓለም ኑና አብረን እንቅበራቸው» ብዬ ጨረስኩ። ወደ ባዶው ወንበራቸው ዞሬ ጮክ ብዬ አነበብኩት። ማስታወቂያው ዘመድ ምን ማድረግ እንዳለበት በደንብ ይናገራል።

እኔስ ምን ላድርግ፣ ጋሼ?