ደረሰኝ ፍለጋ ከዋጃ አላማጣ

ባለፈው ሳምንት ቀለም ልገዛ ቆቦ ገበያ አጠገብ ካለ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ገባሁ። ሻጩ ወጣት ቀና እንኳ ሳይል «በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?» አለኝ። ይህን ስሰማ የወጣትነቴ አንድ ቀን ከነአቧራው ከነሙቀቱ መጣብኝ።

ያኔ ሥራ ተቋራጭ ከሆንኩ ብዙም አልቆየሁም ነበር። ከሮቢት ወጣ ብሎ ባለ ትምህርት ቤት የመማሪያ ክፍሎች ሠርቼ አስረክቤ፣ ክፍያው ከነቫቱ ገባልኝ። ቫቱ በእጄ ያልፋል እንጂ የእኔ አይደለም፤ ወሩ ሳያልቅ ለገቢዎች መግባት አለበት። ዕቃ ስገዛ የከፈልኩት ቫት ግን ደረሰኝ ካለኝ ይቀነስልኛል፤ ከሌለኝ ደግሜ ከኪሴ መክፈሌ ነው። የብረቱ ደረሰኝ ነበረኝ። ሲሚንቶውን ግን ዋጃ ካሉት ነጋዴ ከጋሽ ሰይድ ነበር የጫንኩት። «ማሽኑ ተበላሽቷል፣ ሲጠገን እቆርጥልሻለሁ» ሲሉኝ አምኜ ሄድኩ። ያ ደረሰኝ ከቀረ የግንበኞቹን የመጨረሻ ደመወዝ የምከፍልበት አልነበረኝም።

ጥቅምት ሊያልቅ ሲል አንድ ቀን ጠዋት ወደ ዋጃ ተሳፈርኩ። በመንገዱ ግራና ቀኝ ማሽላው ከሰው ቁመት በላይ ሆኗል፤ የእሸት ጥብስ ሽታ በመስኮት ይገባል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ወርጄ እበላ ነበር። ያን ቀን ጥንቅሽ ገዝቼ፣ ጣፋጭነቱ እንኳ ሳይታወቀኝ ዝም ብዬ አኝካለሁ። ሾፌሩ ሰው ሊጭን በቆመ ቁጥር እግሬ አልረጋ ይለኛል።

ጋሽ ሰይድ ጺማቸው በሂና የቀላ፣ ለስላሳ አንደበት ያላቸው ሰው ነበሩ።

«አብሽሪ ልጄ፣ ማሽኑ አልተጠገነም። ሳምንት ነይ።»

«ሳምንት እኮ ወሩ ያልቃል፣ ጋሽ ሰይድ።»

«ታዲያ ምን ላድርግሽ?»

በሩ ላይ ከተደረደረው ሲሚንቶ ላይ ተቀመጥኩ። ገዝቶ የሚወጣውን ሁሉ «ደረሰኝ ተቀብለሃል?» እያልኩ እጠይቅ ጀመርኩ። አንዱ ሳቀብኝ፤ አንዱ ግን ተመልሶ ገብቶ ደረሰኝ ጠየቀ። ጋሽ ሰይድ ይሄኔ ተቆጡ።

«ሱቄን ልታዘጊ ነው የመጣሽው?»

«ደረሰኜን ይስጡኝና እሄዳለሁ።»

የቀትሩን ዙህር ሰግደው ሲመለሱ እዚያው ነኝ፤ ላብና ሲሚንቶ ቀሚሴ ላይ ተለጥፏል። አጠገቤ ቆመው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ልንገርሽ። ማሽኑ አልተበላሸም። የአላማጣው አከፋፋይ ለእኔም ደረሰኝ አልሰጠኝም። ላንቺ ከቆረጥኩ ሙሉ ቫቱን ከኪሴ ልከፍል ነው፣ ወላሂ።»

ስድብ አዘጋጅቼ ነበር፤ ጠፋብኝ። እኚህ ሽማግሌም እንደ እኔው ተጨንቀዋል።

«ታዲያ ለምን አብረን ሄደን አንጠይቀውም?» አልኳቸው።

መንገዱን ትክ ብለው አዩ። ከዚያ ሱቃቸውን ዘጉና አሮጌ ፒካፓቸውን አስነሡ።

አላማጣ ስንደርስ አከፋፋዩ አይቶን ሳቀ። «በዚህ ዕድሜዎ ከልጅ ጋር ለወረቀት ይዞራሉ?» አላቸው። ጋሽ ሰይድ አንገታቸውን ደፉ። የሚመለሱ መሰለኝ። እኔ ግን የለመድኩት ሥራ ነውና መጋዘኑ በር ላይ ካለው ሲሚንቶ ላይ ወጣሁ። ጋሽ ሰይድም ሽርጣቸውን ሰብሰብ አድርገው ከጎኔ ተቀመጡ። ሊጭኑ የመጡ ነጋዴዎች ከበቡን። «እኔም አልተሰጠኝም» አለ አንዱ። «የእኔስ?» አለ ሌላው። አከፋፋዩ ሳቁን ተወ።

ሁሉንም ግን አላገኘንም። አከፋፋዩ ለጋሽ ሰይድ የመጨረሻ ጭነት ብቻ ቆረጠ፤ የቀደመውን እንቢ አለ። ጋሽ ሰይድ ዋጃ ተመልሰው በዚያው ልክ ቆረጡልኝ። የቀረውን ቫት ከትርፌ ከፈልኩ፤ ግንበኞቼም ደመወዛቸውን አገኙ። ለእኔ የተረፈኝ ነገር አልነበረም። ስንለያይ ጋሽ ሰይድ «ሌላ ጊዜም ከእኔ ግዢ፤ ማሽኑ ተጠግኗል» ብለው ሳቁ።

እሳቸው ካረፉ ቆዩ፤ አላህ ይዘንላቸው። እኔ አሁንም ወር ሲያልቅ ዕረፍት የለኝም። ልጄ ሒሳቡን አስገብታ «አለቀ እኮ፣ እማዬ» ብትለኝም ተነሥቼ ግቢውን እዞራለሁ። ድሮ ይህ ጭንቀት የእኔ ብቻ ይመስለኝና ያሳፍረኝ ነበር። አሁን ስዞር፣ ከጎብዬ እስከ አላማጣ በየሱቁ ጀርባ እንደ እኔ የሚንጎራደድ ስንቱ ይሆን እላለሁ፤ አንዳንዴም ሄጄ ከጎኑ መቀመጥ ያምረኛል።