በየመስመሩ ላይ ሰዓት ያስገባሁ ዕለት

ወንድሜ ሲደውል፣ በምሠራበት ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ኮምፒውተር ፊት ተቀምጬ ነበር። ኔትወርኩ በየቀኑ ይቋረጣል፤ መቼ መቼ እንደሚቋረጥ ግን በትክክል የሚያውቅ አልነበረም። ኃላፊያችን ይህን እንድደርስበት አዘውኛል። ኮምፒውተሩ ግንኙነቱን ደጋግሞ እየሞከረ ውጤቱን ስክሪኑ ላይ በተከፈተ ጥቁር መስኮት መስመር በመስመር ይጽፋል፤ እኔ ደግሞ በየመስመሩ መጀመሪያ ቀንና ሰዓት የሚጨምር አጭር ትእዛዝ ጻፍኩለት።

ኃላፊው ከኋላዬ ቆመው አዩት። "ይሄ ሰዓት እኮ የኛ አይደለም" አሉ። እውነታቸውን ነው፤ የፈረንጅ ሰዓት ነበር። "በኛ አቆጣጠር አድርጊልኝ" ብለውኝ ወጡ።

ስልኬ የጠራው ያኔ ነው።

"አባባ አረፉ" አለኝ ወንድሜ፣ ከትውልድ ቀያችን ከራቤል ሆኖ። "ጠዋት ነው ያረፉት። ቀብሩ ዛሬ ነው።"

"እሺ" አልኩት። ስልኩን ዘጋሁና ትእዛዙ ሰዓቱን ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ እንዲመልስ አደረግኩት። መስመሮቹ በኛ ሰዓት መውረድ ሲጀምሩ ሄጄ ለኃላፊው "አልቋል" አልኳቸው። ቀጥዬም "አባቴ አርፈዋል፤ ልሂድ" አልኩ።

ድንግጥ ብለው አዩኝ። "ታዲያ እስካሁን ምን ትሠሪያለሽ?"

መኪና ቀያይሬ ራቤል ስደርስ ለቀስተኛው ከቀብር ተመልሶ ድንኳን ውስጥ ተቀምጧል። አክስቴ አንገቴን አቅፈው ጮኹ። እኔ ትከሻቸው ላይ እንደተደፋሁ የነጠላቸውን ጥለት አያለሁ።

"አልቅሺ እንጂ ልጄ፣ ይውጣልሽ!"

እንባ አልነበረኝም። ሰው ያለቀስኩ እንዲመስለው ፊቴን ሸፈንኩ።

ሠልስቱ ካለፈ በኋላ ወደ ሥራ ተመለስኩ። ኃላፊው መስመሮቹን አንብበው ጨርሰዋል። ሰዓቶቹን ሲያመሳክሩ፣ ለካ ኔትወርኩ የሚቋረጠው አጠገባችን ያለው ወፍጮ ሲነሳ ነው፤ መብራቱ ይደክምና የኔትወርኩ መሣሪያ ይጠፋል። ባትሪ ስንገጥምለት መቋረጡ ቀረ።

"አየሽ፣ ባንቺ ሥራ ነው የተገኘው" አሉኝ። ሊያጽናኑኝ ፈልገው ይመስለኛል። አመሰገንኳቸው። ደስ አላለኝም፤ አልከፋኝምም።

ወንድሜ እሁድ እሁድ ይደውላል። ስለ ገብሱ፣ ስለ በጎቹ እናወራለን። ባለፈው "የአባባን ጋቢ ማን ይውሰደው?" አለኝ።

"አንተ ልበሰው፤ ብርድ ነው" አልኩት።

ከዚያ ሲያለቅስ ሰማሁት። እስኪወጣለት ስልኩን ይዤ ጠበቅኩት።