ቀዩ ትራክተርና የአባቴ ሽቦ

ከቀብሩ በኋላ የአባቴን ካፖርት ኪስ ስፈትሽ እጄ ላይ የወጣው ስንዝር የማትሞላ ሽቦ ናት። ጫፏ እንደ መንጠቆ ታጥፏል፤ ወገቧ ዝጓል። ሌላ ሰው ቢያገኛት ቆሻሻ ውስጥ ይጥላታል። እኔ ግን አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አልኩ። ያ የድሮ በረት በአንዴ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ፤ የቀዘቀዘ ብረት፣ ግራሶ፣ ናፍጣ፣ የከረመ ድርቆሽ።

ያኔ ቶሮንቶ፣ ሬክስዴል የሚባል ሰፈር አሥራ አንደኛ ፎቅ ላይ ነበርን። አባቴ ኤርፖርቱ አጠገብ መጋዘን ውስጥ ሳጥን ይጭን ነበር። አዋሽ ላይ ግን የመንግሥት የጥጥ እርሻ ዋና መካኒክ ነበር፤ አንድ ትራክተር ከሩቅ ሲያስል ሰምቶ በሽታውን የሚናገር ሰው። ይህን ቶሮንቶ ውስጥ የጠየቀው አልነበረም። የእሱ እንግሊዝኛ «ዬስ» እና «ኖ ፕሮብሌም» ነው ብዬ ስለማምን፣ ሐኪም ቤትም ባንክም አፉ እኔ ነበርኩ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፣ ዩኒቨርሲቲ ገብቻለሁ፣ እውነቱን ለመናገር የሰው አፍ መሆን አንገፍግፎኝ ነበር።

አንድ የመከር እሑድ ፖም ልንለቅም ከከተማ ወጥተን ስንመለስ፣ አባቴ መኪናውን መንገድ ዳር ገትሮ ወረደ። እናቴ «ምን ሆነሃል?» ብትለው አልሰማትም። አጥሩ ማዶ አንድ ነጭ ሽማግሌ አንድ ቀይ ትራክተር ለማስነሳት ይታገላሉ። ሞተሩ ይንተፋተፍና ጭጭ ይላል። አባቴ አጥሩን ይዞ ጆሮውን ሰጠ።

«ንገሪያቸው፣ ነዳጁ አየር ገብቶበታል በያቸው።»

ነገርኳቸው። ሽማግሌው መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ እሱን አዩ፤ ከዚያ በሩን ከፈቱ። ጡረታ የወጡ ገበሬ ናቸው። ላሞቻቸውን ሸጠው በረቱን በአሮጌ ትራክተሮች ሞልተውታል። ቀዩ ትራክተር አባቴ በወጣትነቱ አዋሽ ላይ የነዳው ዓይነት ነበር። አባቴ ኮፈኑን በመዳፉ ዳበሰና «አንቺ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?» አላት። ትራክተሯን ነው። እኔ ሳቅኩበት።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ የበረቱ ሆነ። የበረዶውን ክረምት ሙሉ አባቴና ሽማግሌው ቀይዋን ፈታትተው ገጠሙ፤ እኔ መሐል ቆሜ አስተረጉማለሁ፣ አፍንጫዬ እስኪደነዝዝ። ብረቱ ከመቀዝቀዙ የተነሳ በባዶ እጅ ከነኩት ቆዳ ይይዛል። ሁለቱ ግን ደስተኞች ነበሩ። አባቴ ቤት ውስጥ ሰምቼው የማላውቀው ድምፅ ነበረው እዚያ፤ ያዛል፣ ይቆጣል፣ ይቀልዳል። ሽማግሌው ሊነግሩት የሚፈልጉት ነገር ሲኖር እንኳ ከእኔ በፊት የእሱን ዓይን ያዩ ነበር።

እዚያ በረት አንድ ሕግ ነበር። ውሃ በረዶ እንዳይሆን የሚጨመረው አንቲፍሪዝ አይገባም። የሽማግሌው ውሻ መሬት ላይ የፈሰሰውን ልሶ ሞቶባቸዋል፤ ጣፋጭ ነው አሉ መርዙ። ስለዚህ ራዲያተሩ ጠዋት ሞቅ ያለ ውሃ ይሞላል፣ ከሥራ በኋላ ይፈስሳል። ችግሩ ከሞተሩ ጎን ያለችው የማፍሰሻ ቧንቧ ነች። ዝገት ይወትፋታል፤ ውሃው ሳያልቅ ይቆማል። አባቴ ለዚህ ነው ያቺን ሽቦ አጥፎ የሠራት። በእያንዳንዱ ቅዳሜ አንድ ቃል ሳይጨምር ሳይቀንስ፣ «ውሃው ቆመ ማለት አለቀ ማለት አይደለም» ይለኛል። ከዚያ ተንበርክኮ ቧንቧዋን ይጎረጉራታል፤ ቡናማ ውሃ እንደገና ፏ ብሎ በረዶው ላይ ይጨሳል።

በየመስከረሙ እዚያ ሰፈር አሮጌ ትራክተሮች ተሰልፈው የሚያርሱበት ቀን አለ። በእያንዳንዱ ፊት የእንጨት ሰሌዳ ይቆማል፤ የባለቤቱና ከሞት ያስነሳው መካኒክ ስም ይጻፍበታል። ሽማግሌው «ቀይዋን የምትነዳው አንተ ነህ፣ ስምህም ይጻፋል» አሉት። አባቴ ስሙን በትልልቁ በእንግሊዝኛ ካርቶን ላይ አስጻፈኝ። ፊደሎቹን በጣቱ ተከተላቸውና «በዚህ አገር ስሜ ከመታወቂያ ሌላ ምን ላይ ተጽፎ ያውቃል?» አለ። ቀልድ አስመስሎ ነው ያለው። ቀልድ አልነበረም።

በየካቲት አንድ ቅዳሜ ቀይዋ ከቀትር እስከ አሥር ሰዓት ሳታቋርጥ ሠራች። በረቱ በጢስና በድምፅ ተሞላ። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አውልቀው ሲያውለበልቡ አስታውሳለሁ። ሰሌዳውን ሊያሳዩት አባቴን ወደ ቤት ይዘውት ሄዱ። እሱም ሽቦዋን እጄ ላይ አስቀመጠና፣ «ውሃውን አንቺ አፍስሺ። መጎርጎር እንዳትረሺ» አለኝ።

ከፈትኩት። ፈሰሰ፣ ቀጠነ፣ ቆመ። ጣቴ አልታዘዝ ብሎኛል። የሚታጠፈው ስልኬ ኪሴ ውስጥ ይንጫጫል፤ የጓደኛዬ ልደት ዳውንታውን ነው፣ ሁሉም ደርሰዋል፣ እኔ ብቻ በረት ውስጥ ዝገት እጠብቃለሁ። ሽቦዋን ከስልኩ ጋር ኪሴ ከተትኩ።

መኪና ውስጥ «ጎረጎርሻት?» አለኝ።

«አዎ አባዬ፣ ፊኒሽ አድርጌዋለሁ። ፕሊስ ቶሎ እንሂድ፣ ሌት ሆኛለሁ።»

ዓይኔን በጨው አጥቤ ነው ያልኩት። እሱም አመነኝ። እስከ ሬክስዴል ድረስ ሲያፏጭ ነበር።

በዚያ ሳምንት ቶሮንቶ አይታ የማታውቀው ብርድ መጣ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ስንደርስ ሽማግሌው በረቱ በር ላይ ቆመው ይጠብቁን ነበር፤ ሰላም አላሉንም። ገባን። የሞተሩ ጎን ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል፤ በስንጥቁ በረዶ እንደ ምላስ ወጥቷል። ሰሌዳው ግድግዳው ላይ ተደግፏል፤ የአባቴ ስም በነጭ ቀለም እስከ ግማሽ ተጽፎ ቀርቷል። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ይባላል። እኛን የጎዳን ያልፈሰሰው ነው።

አባቴ ተንበርክኮ ስንጥቁን በጣቱ ተከተለው፣ ያን ካርቶን እንደተከተለው። ከዚያ የማፍሰሻዋን አፍ አየ። በዝገት እንደተወተፈች ነበረች። ሳያየኝ እጁን ወደ ኋላ ዘረጋ። ሽቦዋን አውጥቼ መዳፉ ላይ አስቀመጥኩ። ኪሱ ከተታት።

«ንገሪያቸው» አለኝ። «ያፈሰስኩት እኔ ነኝ፣ መጎርጎሩን ረስቼ ነው በያቸው።»

«አባዬ…»

«በያቸው አልኩሽ።»

አልኩ። ሕይወቴን ሙሉ ስተረጉምለት እቆርጥም እቀጥልም ነበር፤ የሐኪሙን ክፉ ቃል አለሰልሳለሁ፣ የእሱን ቁጣ እደብቃለሁ። ያን ቀን ግን ቃል በቃል ተረጎምኩ። ውሸቱን በጠራ እንግሊዝኛ አቀረብኩለት።

ሽማግሌው ስንጥቁን አዩ። ከዚያ፣ «አርባ ክረምት ይህን ውሃ አፍስሻለሁ፤ አንድ ቀን ረስቼ አላውቅም። መካኒክ ነኝ ያለኝ ሰው ግን ረሳ» አሉ።

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። «ምን አሉ?»

«ችግር የለም፣ ሰው ነህ ብለዋል» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። ኮፈኑን አንድ ጊዜ ዳበሰና ወጣ።

አባቴ መኪናውን ወደ ከተማ ነዳ። መጥረጊያው ደረቅ መስታወት ይፍቃል፤ አላጠፋውም። የከተማው የመጀመሪያ መብራት ላይ ስንቆም፣ ለራሱ እንደሚናገር ሰው «ፎርቲ ዊንተርስ» አለ። «አርባ ክረምት»፣ በእንግሊዝኛ።

ለካ ሁሉንም ይሰማ ኖሯል። ያን ሁሉ ዓመት የተረጎምኩለትን፣ የቆረጥኩትን፣ ያለሰለስኩትን ሁሉ። እኔም ያኔ «እኔ ነኝ፣ እንመለስ፣ ልንገራቸው» ማለት እችል ነበር። መብራቱ ቀይ ነበር፣ ጊዜ ነበረኝ። አረንጓዴ በራና ሄድን።

ወደዚያ በረት አልተመለስንም። መስከረም ሲመጣ አባቴ ትራክተሮቹ በሚያርሱበት ቅዳሜ ትርፍ ሰዓት ገባ። ለማንም አልተናገረም፣ ለእናቴ እንኳ «ሽማግሌው በረቱን ዘጉት» ነው ያላት። እኔም ሆድ ይፍጀው ብዬ ተውኩት። ፈጀኝም። ዲግሪ ያዝኩ፣ ሥራ ያዝኩ፣ የአባቴ ወገብ በሳጥን ጎበጠ። አባትና ልጅ እንደሚያወሩት ስለ አየሩ፣ ስለ ትራፊኩ፣ ስለ እናቴ ስኳር እናወራ ነበር።

አሁን ይህን ካፖርት እያየሁ አንድ ነገር አልገባኝም። ካፖርቱን የገዛሁለት እኔ ነኝ፣ ዛሬ ሦስት ዓመቱ ነው። የዚያን ክረምት ካፖርት ከተጣለ ስንት ዘመኑ!

እናቴ በሩ ላይ መጥታ ቆመች። እጄን አየች።

«እሷን ደግሞ አገኘሻት? ካፖርት በቀየረ ቁጥር መጀመሪያ የሚያዛውረው እሷን ነበር። አንድ ቀን ‹ይህች ዝገት ምን ታደርግልሃለች?› ብለው ተቆጣኝ እኮ።»

«ምን አለሽ?»

«‹የልጄ ናት፤ ስትጠይቀኝ እሰጣታለሁ› አለኝ።»

አልጠየቅኩትም።