የሰባት ዓመት ቡጢ

ጋንጋራም ዘንባባ እየወጣ የዘንባባ ጠጅ የሚቀዳ ሰው ነው። ክንዱን ያየ ሁሉ በቀለም በዓላችን በሆሊ ቀን ከፊቱ መቆም አይወድም። እሱ ግን በየዓመቱ የሚፈልገው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ታላቅ ወንድሙን ፖሻናን።

በመንደራችን ቀለም የምንረጫጨው እስከ ቀትር ነው። ከዚያ በኋላ ቡጢ ነው። አደባባዩ ላይ ወፍራም ገመድ ይወጠራል፤ ወንዱ ወዲያና ወዲህ ሆኖ በአንድ እጁ ገመዱን ይይዛል፣ በሌላው ፊት ለፊቱ ያለውን ይነርታል። ከበሮው ሲቆም የተማቱት ይተቃቀፋሉ፣ በበዓሉ ዋዜማ የነደደውን እሳት አመድ ቁስላቸው ላይ ይቀባባሉ። የተቃቀፈ ቂም አይዝም፤ ደንቡ ነው።

ፖሻና ወንድሙን ካናገረው ሰባት ዓመት ሆኖታል። ልጁ ናርሲሙሉ የውኃ ጉድጓድ ገብቶ ሲሞት፣ ጠብቅ የተባለው ጋንጋራም ጠጥቶ ተኝቶ ነበር። እኔም ብሆን አላናግረውም። ጋንጋራም ከፊቱ ሊቆም በመጣ ቁጥር ፖሻና ወደ ገመዱ ጫፍ ይሸሻል።

ዘንድሮ አልሸሸም።

የመጀመሪያው ቡጢ የጋንጋራምን አፍንጫ ሰበረ። ሁለተኛው ጥርሱን አረገፈ። ጋንጋራም እጁን አላነሳም።

“ጉልበትህ ዛፍ ላይ ብቻ ነው እንዴ?” አለችው ከሰገነት ሆነው ከሚያዩት ሴቶች አንዷ።

“ተይኝ እቴ፣ ይበለኝ” አላት ደም እየተፋ።

ፖሻና ቅንድቡን ተረተረው፣ ጆሮ ግንዱን ደገመው። ከዚያ እያለከለከ ቆመ።

“ምታኝ” አለው።

“ጋሼ፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ።”

“ምታኝ ብዬሃለሁ። ያን ቀን ሰክረህ እንደተኛህ አይቻለሁ። እያየሁ ነው ልጁን አጠገብህ ጥዬው ገበያ የሄድኩት። ይኸው ሰባት ዓመት ሰው ሁሉ ያጽናናኛል፤ በጥፊ ያለኝ አንድ ሰው የለም።”

ጋንጋራም ክው አለ። መንደሩ የተፋበት፣ ሚስት የተከለከለበት፣ ብቻውን የተሸከመው ሁሉ ክንዱ ላይ ወጣ። ጎኑን መታው፣ ሆዱን መታው። ፖሻና እያለቀሰ “ጨምር” ይለዋል። ጨመረለት። መንጋጋው ሲሰበር ከሰገነት ድረስ ተሰማ።

ከበሮው ቆመ፤ ሰው ሁሉ ተቃቀፈ። የጋንጋራም ቡጢ ግን አልቆመም፣ አራት ሰው ነው ጎትቶ ያላቀቀው።

ፖሻና መሬት ላይ ተቀምጦ፣ አመድ በእፍኙ ይዞ እጁን ዘረጋለት። ጋንጋራም ቆሞ አየው።

“ጋሼ፣ ባትነግረኝ ይሻል ነበር” አለና ትቶት ሄደ።