መታጠቢያው የተገፋበት ዳስ

በሳሙና ፋብሪካው ውስጥ «ጠመኔ» ነው የሚሏት። ሥራዋ ፋብሪካው በየዓመቱ በንግድ ኤግዚቢሽን ላይ ምርቱን የሚያሳይበትን ዳስ መንደፍ ነው። ወረቀት ላይ ሲያዩት ሁሉም ነገር ሰፊ ይመስላል ብላ ስለምታምን፣ ንድፉን በትክክለኛ ልኩ በመጋዘኑ ወለል ላይ በጠመኔ ታሰምርና አለቆቹ ገብተው እንዲዞሩበት ትጠራቸዋለች።

ጡረታ ልትወጣ ስለነበር የዘንድሮው የመጨረሻ ዳሷ ነበር። የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በዳሱ መሀል ቧንቧ ያለው የእጅ መታጠቢያ። ሳሙና በወሬ አይሸጥም፤ ሰው ታጥቦ እጁን ሲያሸት ነው የሚያምነው። ዕድሜዋን ሙሉ የሳሙና ካርቶን ግንብ ስትክብ ኖራ፣ አንዴ እንኳ ሰው ሲታጠብ ማየት አማራት።

ስብሰባ ላይ ነገር እንዳይበላሽባት ሦስቱንም አለቆች አስቀድማ ለየብቻ አነጋገረቻቸው። የሽያጭ ኃላፊው «ሸጋ ነው፣ እስማማለሁ!» አላት። የምርት ኃላፊው «ባትጠይቂኝም ደግፌሻለሁ» አለ። የሟቹ መሥራች ሚስት የነበሩት፣ አሁን ፋብሪካውን የሚመሩት እትዬ ደግሞ «አንቺ ካልሽ አበቃ፣ ልጄ» አሏት።

መጋዘኑ ውስጥ ሲገናኙ ግን የሁሉም አፍ ተለወጠ። የሽያጭ ኃላፊው ብስኩት እየበላ መጣና ቅባት የነካ ጣቱን በያዘችው የንድፍ ወረቀት ጠርዝ ጠረገ። በሳሙና ፋብሪካ! ጠመኔ ወረቀቱን ሳብ አደረገችበት።

«የኔ ጠረጴዛ የታለ?» አላት።

«አለቃዬ፣ ጎብኚውን ቆመን እናነጋግራለን ተባብለን አልነበር?»

«ተባብለናል፤ አሁንም እስማማለሁ። ግን ሽያጭ ቆሞ ሲለምን ያምርበታል?» ጠመኔውን ከእጇ ነጥቆ በር የሚያህል ጠረጴዛ አሰመረ።

የምርት ኃላፊው ቀና አለ። «እሱ ጠረጴዛ ካለው የኔ የሳሙና መቁረጫ ማሽን ደጅ ሊያድር ነው?» እሱም አሰመረ።

እትዬ መታጠቢያው የተሣለበት ክብ ላይ ቆመው «የባለቤቴ ፎቶስ?» አሉ።

«ጎን ካለው ግድግዳ ላይ ነው፣ እትዬ።»

«ጎን! እሱ በሕይወቱ ጎን ቆሞ ያውቃል? እዚህ መሀል ይቁም።»

ማንም ማንንም እንቢ አላለም። አንዱ የሌላውን የሚያሳልፈው የራሱ እንዲያልፍለት ነበር። መታጠቢያው መጀመሪያ ወደ ጥግ ተገፋ፣ ቀጥሎ ከመስመሩ ወጣ። «ውሃ ደግሞ ያዝረከርካል» አሉ ሦስቱም ተቀባብለው።

«እሺ፣ ጎብኚው በየት ይግባ?» ብላ ጠየቀች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«የፈለገ ሰው መንገድ አያጣም!» አለ የሽያጭ ኃላፊው፤ ተሳሳቁ። ከዚያ ተጨባበጡ፣ «ተስማማን!» ተባባሉ። ጠመኔ በሆዷ ምነው በተጣሉ አለች። ከጥል እንኳ አንድ እውነት ይወጣል፤ ይሄ ከአንገት በላይ የሆነ ስምምነት ግን እንደ ረጋ እጣቢ አንገሸገሻት። ቢሆንም ምን ታድርግ፣ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው። እንዳሰመሩት አሠራችው።

በመክፈቻው ቀን ዳሱ ዕቃ የታጨቀበት ቁም ሳጥን መሰለ። ሦስቱ አለቆችና ጠመኔ ውስጥ ተጣብበው ተቀምጠዋል፤ ሰው ውጭ ቆሞ አይቶ ያልፋል። ለሆቴሎች ዕቃ የምትገዛ አንዲት ሴት ጠጋ ብላ «ሳሙናውን ልሞክረው?» አለች። የሽያጭ ኃላፊው ከጠረጴዛው ሳይነሳ በራሪ ወረቀት ዘረጋላት። ሴትየዋ ወረቀቱን ገልበጥ አድርጋ አየችና መልሳ አስቀምጣ ወደሚቀጥለው ዳስ ሄደች።

እትዬ በንዴት ዞሩ። «ማነው እንዲህ አፍኖ ያስቀመጠን?»

ሁለቱ ኃላፊዎች፣ ሳይማከሩ፣ ጠመኔን ጠቆሙ።

«እኔ ነኝ፣ እትዬ» አለች። «ግን የኔ የነበረው አንድ መታጠቢያ ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ ቆመውበት በጫማዎ አጠፉት።»

ቦርሳዋን አንጠልጥላ ተነሳች። መውጫም አልነበረም። በማሽኑና በጠረጴዛው መካከል በጎን ስትሾልክ የሽያጭ ኃላፊው ሆዱን ወደ ውስጥ ስቦ «በይ እለፊ፣ እስማማለሁ» አላት፤ ትንፋሹ ፊቷ ላይ አረፈ። አፍንጫዋን በነጠላዋ ጫፍ ይዛ ወጣች።