ጋሼ ወልዴ ሊምሉልኝ የመጡ ቀን

ቅዱሳን፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ። ልመሰክር እወዳለሁ ብዬ ስሜን ካስመዘገብኩ በኋላ ላሰርዝ ሁለት ጊዜ ተመልሼ ነበር። ባለፈው ሳምንት እዚሁ ቆማ የመሰከረችው እህታችን ሐኪሞች ተስፋ ከቆረጡበት በሽታ ነው የተፈወሰችው። የእኔ ግን የአንድ ባጃጅና የአንድ የትራፊክ ክስ ታሪክ ነው። ይህ መድረክ ላይ ይነገራል ወይ? እስካሁን እርግጠኛ አይደለሁም። ጌታ ለእኔ ያደረገው ይህን ስለሆነ ያለኝን ይዤ ቆሜአለሁ። ስሙ ይባረክ።

እዚህ ወልቂጤ የምታውቁኝ በአንደኛ ዓመት ተማሪነቴ ነው። ያደግሁት ግን ቡታጅራ፣ በአማኝ ቤት ነው። አባቴ አልጋና ቁም ሣጥን ይሠራል፤ ልጅነቴን ሳስብ መጀመሪያ የሚመጣልኝ የእንጨት ብናኝ ሽታ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት የመዘምራን ልምምድ ነበረን። የሚያሠለጥኑን ጋሼ ወልዴ የሚባሉ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ነበሩ፤ ጡረታ የወጡ የሒሳብ አስተማሪ። በጠመኔ ጠረጴዛውን እየመቱ ምቱን ያስጠብቁናል። "አንተ ልጅ፣ ድምፅህ ገበያ ወጥቷል፤ ሂድና አምጣው" ይሉኝ ነበር። ዝናብ ሲመጣ የአዳራሹ ቆርቆሮ ዝማሬያችንን ይውጠዋል፤ እሳቸው ግን ዝናቡ እስኪያባራ እጃቸውን ማወዛወዛቸውን አያቆሙም። ያ አዳራሽ ዛሬም ይናፍቀኛል።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈትኜ ወደቅሁ። አብረውኝ የሚዘምሩት ጓደኞቼ አልፈው ሻንጣቸውን ይዘው ሄዱ፤ እኔ ቀረሁ። ሐጂ ሸምሱ የሚባሉ የበርበሬ ነጋዴ ባጃጅ እንድነዳላቸው ሰጡኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያንንም ሥራ እወደው ነበር። በገበያ ቀን ሦስት እናቶችና አንድ ጆንያ በርበሬ ጭኜ፣ አራታችንም እያነጠስን እንሄዳለን። መስጊድ አጠገብ ስደርስ መዝሙሬን ዝቅ አደርጋለሁ፣ ሳልፍ መልሼ ከፍ። ሐጂ ይህን ሰምተው "አባትህ በደንብ አሳድጎሃል" አሉኝ። ደግ ጊዜ ነበር፤ ደግነቱን ግን ያን ጊዜ አላየሁትም።

ምክንያቱም ውስጤ በቅናት ደርቆ ነበር። ቀን ቀን ሥራ ሲቀዘቅዝ ከሌሎች ነጂዎች ጋር አንዲት ቤት መግባት ለመድኩ። መጀመሪያ ለስላሳ፣ ቀጥሎ ቢራ፣ በኋላም አረቄ። ቅዳሜ ማስቲካ አኝኬ ልምምድ እሄዳለሁ። ስምንት ወር ማንም አልጠረጠረኝም። ማን ይጠረጥራል? በእኛ ከተማ ጴንጤ አይጠጣም፤ አለቀ።

አንድ ቀን ከቀኑ በአሥር ሰዓት፣ ሰው ሳልጭን፣ ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ቦይ ውስጥ ገባሁ። ከጉልበቴ በቀር የተጎዳ የለም፤ ጌታ ይመስገን። የደረሰው ትራፊክ መመርመሪያ መሣሪያ አልያዘም ነበር። ጎንበስ ብሎ አሸተተኝና "ስምህ ማነው?" አለ። ነገርኩት። "የአናጢው ልጅ?" ብሎ አዘነልኝ፤ ቢሆንም ጻፈ። ክሱ ጠጥቶ ማሽከርከር የሚል ነበር።

ለቤተሰቤ ምን አልኩ መሰላችሁ? ሳል ይዞኝ የጠጣሁት ሽሮፕ ነው አልኳቸው። እናቴ ወዲያው አመነችኝ፤ እንዲያውም ሽሮፑን ረገመችው። ያላመኑኝ ሐጂ ብቻ ነበሩ። ባጃጁን ሊወስዱ መጥተው ወንበሩን አሸተቱና "ወላሂ፣ ይህ ሽሮፕ ሳል አያድንም" አሉ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ "እኔ ሙስሊም፣ አንተ ጴንጤ። ባጃጄ አረቄ እንዳይሸት ብዬ መርጬ ነበር የሰጠሁህ። ሁለት የማንጠጣ ሰዎች ይህን ሁሉ እንዴት ጠጣነው?" አሉኝ። 

ፍርድ ቤቱ አጠገብ ማመልከቻ የሚጽፍ አንድ ሰው ነበር። ክሴን አንብቦ ሳቀ።

"አንተማ ዕድለኛ ነህ። ያለው ሽታ ብቻ ነው። ጴንጤ ነህ አይደል?"

"ነኝ።"

"በቃ ካድ። ከቤተ ክርስቲያን አንድ የተከበረ ሽማግሌ አምጣ፣ ይህ ልጅ ጠጥቶ አያውቅም ብሎ ይመስክርልህ። ካመንክ ግን መንጃ ፈቃድህ ይታገዳል፣ ጥፋተኛ ተብለህም ትመዘገባለህ። ምርጫው ያንተ ነው።"

ወገኖቼ፣ እኔ መንጃ ፈቃዱን ብቻ አልነበረም የፈራሁት። የአባቴን አንገት መድፋት፣ የእናቴን ዕንባ፣ ከመዘምራን መውጣትን ፈራሁ። ስለዚህ ልክድ ወሰንኩ። የተከበረ ሽማግሌ ሲባል ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው የታየኝ። ጋሼ ወልዴ ዘንድ ሄጄ ሽሮፑን ደግሜ አወራሁ። እሳቸው መሐላ የሚባል ነገር አይወዱም፤ ሰው "እግዜርን!" ሲል እንኳ ያርሙታል። ሰምተውኝ ሲጨርሱ "ሰባ ዓመት ኖሬ ምዬ አላውቅም። ላንተ ግን እምላለሁ፣ ልጄ። አውቅሃለሁና" አሉኝ። እኔም አመሰግናለሁ ብዬ ወጣሁ። እንዲህ ያለ ሰው ነበርኩ።

የቀጠሮው ቀን ጠዋት ሰርግ የሚሄዱ ይመስል ሙሉ ልብስ ለብሰው መጡ። ፍርድ ቤቱ በር ላይ ከግድግዳው ጥግ አግዳሚ ወንበር አለ፤ እዚያ ተቀመጥን። ምስክር ሲምል እንዴት እንደሚያደርግ ዘበኛውን ጠየቁት። "ቀኝ እጅዎን ያነሳሉ፣ አባቴ" አላቸው። ጋሼ ወልዴ ቀኝ እጃቸውን አነሱ። እጁ ይንቀጠቀጣል። አወረዱት፣ እንደገና አነሱት፤ አሁንም ይንቀጠቀጣል። ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ ብለው ምን እንዳሉኝ ታውቃላችሁ?

"ልጄ፣ ይህ እጅ እርጅና ነው የያዘው። ዳኛው ሲንቀጠቀጥ አይተው የምዋሽ እንዳይመስላቸው። በግራዬ ብደግፈው ይፈቅዱልኝ ይሆን?"

ቅዱሳን፣ ሃያ ዓመት ስብከት ሰምቻለሁ። ጌታ ግን ልቤን የሰበረው በዚያች ጥያቄ ነው። ሃሌሉያ። አንድ እውነተኛ ሰው ውሸታም እንዳይመስል ይጨነቃል፤ ውሸታሙ አጠገቡ ተቀምጦ እጁ ጸጥ ብሏል።

"ጋሼ፣ ሽሮፕ አይደለም" አልኩ። "ጠጥቼ ነበር።"

እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳረፉ። "የዚያን ቀን ብቻ?"

"ስምንት ወር።"

"ቅዳሜ ቅዳሜም?"

"አዎ ጋሼ።"

መነጽራቸውን አውልቀው በከረባታቸው ጫፍ ጠረጉት። ጠረጉት ጠረጉትና መልሰው አደረጉት። የሚነሱና የሚሄዱ መስሎኝ ነበር። "እግዚአብሔር ከመሐላ አዳነኝ" አሉ። "እንግዲህ እኔም ሳልምል እገባለሁ። አንተ ግን ያልከኝን ለዳኛው ንገር።"

እዚያው ወንበሩ ላይ ጸለይኩ። ከልጅነቴ ጀምሮ ስጸልይ ኖሬአለሁ፤ ምንም ሳልደብቅ የጸለይኩት ግን ያን ጊዜ የመጀመሪያዬ ነው። ቃሉ አጭር ነበር፦ "ጌታ ሆይ፣ እኔ ነኝ፤ ማረኝ።" ጌታን ያገኘሁት የት ነው ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ ሰው እየተጠራ የሚገባበት በር ላይ ነው። ክብር ለእርሱ ይሁን።

ዳኛው ሲጠይቁኝ "ጥፋተኛ ነኝ" አልኩ። ተቀጣሁ፤ መንጃ ፈቃዴም ለአራት ወር ታገደ። ጋሼ ወልዴ ከኋላ ወንበር እስከ መጨረሻው ተቀምጠው ነበር። ማታ አባቴ ሁሉንም ሰማ። ሦስት ቀን አላናገረኝም፤ በአራተኛው ብርጭቆ ወረቀት ሰጠኝና "ይህን ጠረጴዛ አለስልስ" አለኝ። ቤተ ክርስቲያንም ከመዘምራንና ከጌታ እራት አገደችኝ። ወገኖቼ፣ ያ ክረምት ያማል፤ ግን የምመልሰው ዘመን ምረጥ ብባል እሱን እመርጣለሁ። ጠዋት እንጨት አለሰልሳለሁ፣ ከሰዓት ጋሼ ወልዴ ቤት ሒሳብ አጠናለሁ። ሐጂ ሸምሱ እንኳ በመንገድ ሲያገኙኝ "ሳልህ ተሻለህ?" ይሉኛል፤ "አልሐምዱሊላህ፣ ድኗል" እላቸዋለሁ፤ ይስቃሉ። እንደገና ተፈትኜ አለፍኩ። ዛሬ በመካከላችሁ ያቆመኝ ጌታ ነው።

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ምናልባት ዛሬ እናንተንም ሰው አምኖ ሊምልላችሁ ቆሞ ይሆናል፤ እናንተም ዝም ብላችሁ ይሆናል። አትፍሩ። ስታምኑ የምታጡት ነገር አለ፤ የለም አልላችሁም። ጌታ ግን አይጥላችሁም። ሞክሬ ያየሁትን ነው የምነግራችሁ።

እገዳዬ የተነሳው ጋሼ ወልዴ የጌታን እራት ጽዋ በሁለት እጃቸው ደግፈው ወደ ተቀመጥኩበት ይዘውልኝ በመጡበት እሑድ ነው፤ ቀኑም ነሐሴ አሥራ አራት ነበር።